የጀልባ ተሳቢ ኩሽኔታ በግቢያችሁ እንዴት ይቀየራል?

ከሁለት ዓመት በፊት በጥቅምት፣ ሞጆን አልፈን ወደ ቆቃ ስንሄድ አንድ አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋ ደረሰብን። ረዳቱ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ ወደ ኋላችን ይጠቁማል። ዳር ይዤ ስቆም ከጀልባዋ ተሳቢ ግራ ጎማ ቀጭን ጭስ ይወጣ ነበር። ከጠርሙስ ውሃ ጠብ ባደርግበት ሞዞው፣ ማለትም ጎማው የሚታሰርበትና ኩሽኔታው የሚቀመጥበት የብረት እምብርት፣ «ቸስ» አለ።

ያን ኩሽኔታ የገጠምኩት እኔው ራሴ ነኝ፤ ሦስት ሳምንት አልሞላውም። ዕቃው አዲስ ነው፣ ግራሶውም አልጎደለም። በኋላ ሰፈራችን ያሉ አንድ አንጋፋ መካኒክ የተቃጠለውን እጃቸው ላይ አገላብጠው አዩትና «አጥብቀህ ነው የገደልከው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጎማ የሚይዝ ዳዶ መጥበቅ አለበት ብዬ ረጅም መፍቻ ላይ ተንጠልጥዬ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የራሴንም የጓደኞቼንም ተሳቢ እዚሁ ቱሉ ዲምቱ፣ ግቢ ውስጥ ቀይሬያለሁ። ኩሽኔታ ማውጣትና መክተት ለለመደው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የሚከብደው አሮጌው በምን እንደሞተ ማወቁ ነው። እሱን ሳታውቁ አዲስ ብትከቱ አዲሱም በዚያው ምክንያት ይሞታል። የጀነሬተር ወይም የውሃ ታንከር የሚጭን ትንሽ ተሳቢ ያላችሁም ስለ ሐይቁ ከሚነገረው በቀር ሁሉም ይሠራላችኋል።

መሞቱን እንዴት ታውቃላችሁ

ጎማውን በክሪክ አንሱትና አንድ እጃችሁን ከላይ፣ አንዱን ከታች አድርጋችሁ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ነቅንቁት። ጥቂት፣ በዓይን እምብዛም የማይታይ ልቅነት መኖሩ ጤነኛ ነው፤ እንዲያውም መኖር አለበት። «ቋ ቋ» የሚል ከሆነ ግን ወይ ላልቷል ወይ ተበልቷል። ቀጥሎ አንድ እጃችሁን ባሌስትራው ላይ አሳርፋችሁ ጎማውን በሌላው አሽከርክሩት። ጆሮ ያልሰማውን መንገጫገጭ ባሌስትራው ለመዳፍ ይነግራል። አሸዋ የሚፈጭ ከመሰላችሁ ጊዜው ደርሷል። የቸርኬው የውስጥ ፊት በግራሶ ተረጭቶ ካገኛችሁት ደግሞ ኦይል ሲሉ (ከሞዞው ጀርባ ግራሶውን የሚያግተው የጎማ ቀለበት) ተበስቷል፤ ግራሶ የወጣበት ቀዳዳ ውሃም ያስገባል።

ለምን የጀልባ ተሳቢ ቶሎ ይበላል

ከዚህ ተነስታችሁ ላንጋኖ ስትደርሱ ሞዞው ለብ ብሏል፤ በውስጡ ያለው አየርም ሞቆ ሰፍቷል። ተሳቢውን ወዲያው ወደ ሐይቁ ስታስገቡት ብረቱ በድንገት ይቀዘቅዛል፣ አየሩ ይሰበሰባል፣ ሞዞውም እንደ መርፌ ስሪንጅ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ኦይል ሲል የተሠራው ግራሶ እንዳይወጣ ነው እንጂ እንዲህ ያለውን መሳብ ለመቋቋም አይደለም። በዚያ ላይ የላንጋኖ ውሃ ያን ቡናማ ቀለም ያገኘው በውስጡ ከተንሳፈፈው ደቃቅ ደለል ነው። ደለሉ ከግራሶ ጋር ሲቀላቀል ብረት መሳያ ይሆናል።

ምን ያስፈልጋል

ጥሩ ክሪክ፣ ተሳቢውን የሚሸከም ጠንካራ የብረት መደገፊያ፣ ታኮ፣ የጎማ መፍቻ፣ መዶሻ፣ ፒንሳ፣ ትልቅ ካቻቢቴ፣ ጫፉ ያልሾለ ረጅም የብረት በትር፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ነጭ ጋዝ፣ ብዙ ንጹሕ ጨርቅ። ማጠቢያ ብላችሁ ቤንዚን አትጠቀሙ፤ አንድ የብረት ብልጭታ ይበቃዋል። ግራሶው ውሃ የሚቋቋም፣ ለጎማ ኩሽኔታ የተባለ፣ ጥጥረቱ 2 ቁጥር ይሁን። ሻጩ ለጀልባ የሚሆን አለኝ ካለ እሱን ውሰዱ።

ዕቃውን መግዛት

መጀመሪያ ፍቱ፣ ከዚያ ግዙ። ተሳቢዎቻችን ከየአገሩ የመጡ ናቸው። አንዳንዱም እዚሁ በያጅ ቤት የተሠራና ከሌላ መኪና በወጣ ሞዞ የቆመ ስለሆነ በግምት የተገዛ ኩሽኔታ አይገጥምም። ቁጥሩ ኩሽኔታው ላይ ተመትቷል፤ በነጭ ጋዝ አጥባችሁ በብርሃን አዘንብላችሁ አንብቡት። በአንድ ጎማ ሁለት ኩሽኔታ አለ፤ ትልቁ ከውስጥ፣ ትንሹ ከውጭ። እያንዳንዱም ሁለት ክፍል ነው፤ ሮለሮቹን (የሚሽከረከሩትን ትንንሽ ብረቶች) የያዘው የውስጥ ቀለበትና ሞዞው ውስጥ ተወትፎ የሚቀረው የውጭ ቀለበት። ሁለቱ የየራሳቸው ቁጥር ስላላቸው አራቱንም ጻፉ። ኦይል ሲሉን ይዛችሁ ሂዱ፤ የእሱ ልክ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋትና ውፍረት ነው።

በአሜሪካ ሠራሽ ትንንሽ ተሳቢዎች ላይ በብዛት የሚገኘው ጥንድ ከውጭ ኤል 44649፣ ከውስጥ ኤል 68149 ነው። የመጀመሪያው 26.99 ሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው 34.98 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው አክስል ላይ ይገባል። መርካቶ ሱማሌ ተራ ስትሄዱ በቀላሉ የሚገኘው ግን 30205 ወይም 30206 ይሆናል፤ የውስጥ ቀዳዳቸው 25 እና 30 ሚሊ ሜትር ነው። «ተቀራራቢ ነው፣ ቶርኖ ቤት ያስተካክሉልሃል» የሚል አይጠፋም። አመስግናችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ። ለኩሽኔታ ተቀራራቢ የሚባል ነገር የለም፤ ወይ ልኩ ነው ወይ አይደለም።

ታዋቂ ስም የታተመበት ካርቶን ሁሉ እውነተኛ አይደለም። እኔ የማየው ካርቶኑን ሳይሆን ብረቱን ነው። ቁጥሩ ጥርት ብሎ የተጻፈ፣ ሮለሮቹ አንድ ዓይነት አብረቅራቂ፣ በጣት ሲዞር የማይንቀረፈፍ መሆን አለበት። ያገለገለ ኩሽኔታ ግን ርካሽ ነው ተብሎ አይገዛም። የውጭና የውስጥ ቀለበት አብረው እየተፋጩ የሚላመዱ ስለሆኑ አንዱን ብቻ መቀየርም ገንዘብ መጣል ነው።

ማንሳትና መፍታት

የእኛ ሰፈር መሬት መረሬ ነው። ክረምት ላይ ክሪክ ይውጣል፣ በጋ ደግሞ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከክሪኩም ከመደገፊያውም ሥር ወፍራም ጣውላ አድርጉ። የሚቻል ከሆነ ጀልባዋን አውርዱ፤ ካልሆነ ሞተሩን፣ ቤንዚኑንና ውስጧ ያለውን ዕቃ አቅልሉ። ተሳቢው ከመኪናው ጋንቾ ጋር እንደተያያዘ ይሁን፣ የመኪናው የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ የማይነሳውም ጎማ ከፊትና ከኋላ በታኮ ይወጠር።

የጎማ ብሎኖቹን ጎማው መሬት ላይ ሳለ ትንሽ አላሉ። ከዚያ አክስሉን ባሌስትራው ከታሰረበት አጠገብ አንሱ እንጂ ከመሃሉ አታንሱት፤ ይታጠፋል። መደገፊያውን አስገብታችሁ ክብደቱን እሱ ላይ አሳርፉ። ክሪክ ማንሻ ነው፣ መያዣ አይደለም፤ እጃችሁንም እግራችሁንም በክሪክ ብቻ ከቆመ ተሳቢ ሥር አታስገቡ። ከዚያ ጎማውን አውጡ።

የሞዞውን ቆብ በካቻቢቴና በመዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያላችሁ ንቀሉት፤ አንድ ቦታ ብቻ ከመታችሁት ይጣመማል፣ የተጣመመ ቆብ ደግሞ ውሃ ያስገባል። ከሥሩ ዳዶው እንዳይዞር የሚይዘውን ኮፒሊያ ታገኛላችሁ። እግሮቹን በፒንሳ አቅንታችሁ አውጡትና ጣሉት፤ መልሶ አይገጠምም፣ ሁለት ጊዜ የታጠፈ ሽቦ ይሰበራል። ዳዶውንና ሮንዴላውን አውጡ። ሞዞውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ወዝወዝ ስታደርጉት የውጩ ኩሽኔታ ራሱ ወጥቶ መዳፋችሁ ላይ ያርፋል። ከዚያ ሞዞውን ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት።

ፍሬን ያለው ተሳቢ ከሆነና ታምቡሩ እምቢ ካለ የፍሬን ሸራውን ማስተካከያ ማላላት ያስፈልጋል፤ በመዶሻ አትከራከሩት። የግራውንና የቀኙን ዕቃ በተለያየ ጣሳ አስቀምጡ።

የሞተውን ማንበብ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። እኔ ሻይ ይዤ የምቀመጠው እዚህ ነው። ሳታጥቡት በፊት ግራሶውን እዩ። ወተት የነካው ሻይ መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቷል። ጠቁሮ ከደረቀና እንደ ሬንጅ ከተጣበቀ በሙቀት ተቃጥሏል። ጣታችሁ መሃል ስታሹት ከሸከረከረ ደለል አለበት።

ከዚያ አጥባችሁ ብረቱን እዩ። የውጭ ቀለበቱ ላይ እኩል እየተራራቁ የተሰመሩ የዝገት መስመሮች ካሉ ተሳቢው ውሃ አዝሎ ለረጅም ጊዜ አንድ ቦታ ቆሟል ማለት ነው። በመስመሮቹ መሃል ያለው ርቀት ከሮለሮቹ ርቀት ጋር እኩል ነው፤ እያንዳንዱ ሮለር ባረፈበት ዝጓል። እኛ ጋ በብዛት የማየው ይህንን ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ተሳቢው ሸራ ለብሶ ዝናብ ሲወርድበት ይከርማል፣ ለአዲስ ዓመት ሰው ጀልባውን ያስባል፣ ሞጆ ሳይደርስ ይጮህበታል። መድኃኒቱ ክረምት ከመግባቱ በፊት ግራሶ ማደስና በየወሩ ጎማውን ጥቂት ማዞር ነው።

ብረቱ እንደ ገለባ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ሙቀት አግኝቶታል፤ ወይ ግራሶ አልነበረውም ወይ እንደ እኔ ዳዶው ታንቋል። መልኩ ደብዝዞ መስተዋትነቱን ካጣ ደለሉ ፈጭቶታል። ቆዳው እየተቀረፈ ጉድጓድ ካበጀ ጭነት አድክሞታል። ጉድጓዱ በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ግን ከፊተኛው ቅየራ የውጭ ቀለበቱ ዘንበል ብሎ ገብቶ ይሆናል።

አክስሉንም አትርሱ። ኦይል ሲሉ የሚያርፍበትን ቦታ በጥፍራችሁ ፈትሹ። ዝገት ከሆነ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን ጥረጉት። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ከተቦረቦረ ግን አዲስ ሲል አያድነውም፤ ውሃው በቦዩ ይገባል። አዲሱን የውስጥ ቀለበት አክስሉ ላይ ሞክሩ፤ በእጅ ግፊት ልክክ ብሎ መግባት አለበት። እየተወላወለ የሚገባ ከሆነ አሮጌው አክስሉ ላይ ሲሽከረከር በልቶታል። በብየዳ ሞልቶ በሞረድ ማስተካከል ሲሠራ አይቻለሁ፤ ቤተሰብ ለሚከተለው ተሳቢ አልመክርም። አክስሉን ቀይሩ።

የውጭ ቀለበቱን ማውጣትና አዲሱን መትከል

ሞዞውን ጣውላ ላይ ደፍታችሁ ኦይል ሲሉን በካቻቢቴ ነቅላችሁ የውስጡን ኩሽኔታ አውጡ። ወደ ሞዞው ውስጥ ስታዩ ከቀለበቱ ጀርባ ሁለት ትንንሽ ክፍተቶች ይኖራሉ። በትሩን በዚያ አሳርፋችሁ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ እያፈራረቃችሁ ምቱ። ከአንድ ጎን ብቻ ከመታችሁት ይጣመምና ይነክሳል። ሲወጣ ድምፁ ይለወጣል።

ቤቱን እስኪያበራ አጽዱ። የቀረች የብረት ፍንጣሪ ቀለበቱን ታዘነብለዋለች።

አዲሱን የውጭ ቀለበት ማታውኑ በፌስታል ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት፤ ሞዞውን ደግሞ ጠዋት ፀሐይ ላይ አስቀምጡት። ቀዝቃዛው ይሰበሰባል፣ ሞቃቱ ይሰፋል፣ ሥራው ይቀላል። ለቤት ሰው ንገሩ ግን፤ እኛ ቤት የሥጋ ፌስታል መስሏቸው ለምሳ አውጥተውት ነበር። ወፍራሙ ጠርዝ ወደ ሞዞው መሃል፣ ሰፊው አፍ ወደ ውጭ ይዙር። አሮጌውን ቀለበት ገልብጣችሁ አዲሱ ላይ ደራርቡና በእሱ ላይ ምቱ፤ መዶሻው አዲሱን በቀጥታ አይንካው። አሮጌው ራሱ ቤቱ ውስጥ እንዳይወተፍ የውጭ ዙሪያውን አስቀድማችሁ በሞረድ ወይም በድንጋይ ትንሽ አሳንሱት። እየገባ ሳለ ድምፁ «ቲን ቲን» ነው፤ ጫፍ ሲደርስ ደፍኖ «ዱብ» ይላል። ያን ድምፅ ካልሰማችሁ አልገባም። ከጀርባው በባትሪ እያያችሁ ዙሪያውን ክፍተት አለመኖሩን አረጋግጡ።

ግራሶ መጋት

እጃችሁን ታጠቡ። የዋልነት ፍሬ የሚያህል ግራሶ መዳፋችሁ ላይ አድርጉና የኩሽኔታውን ሰፊ ጎን ወደ መዳፋችሁ እየጫናችሁ ጠርዝ ጠርዙን ግፉት። ግራሶው በጠባቡ ጎን በሮለሮቹ መሃል እንደ ትንንሽ ትል ሲወጣ ጥቂት አዙራችሁ ቀጥሉ፤ ዙሩ እስኪሞላ። ከላይ መቀባት ግራሶ መጋት አይደለም፤ ሮለሩ ሥር ያልደረሰ ግራሶ አይሠራም። የውጭ ቀለበቶቹንም ቀቡ፤ በሁለቱ መሃል ያለውን የሞዞ ሆድ ዙሪያውን ልበጡት እንጂ ጢም አድርጋችሁ አትሙሉት። የቀድሞው ግራሶ ምን ዓይነት እንደሆነ ካላወቃችሁ ፈጽሞ አጽዱት፤ ሁለት የተለያየ ዓይነት ሲቀላቀል አንዳንዱ ቀጥኖ ይፈሳል።

የውስጡን ኩሽኔታ አስቀምጡ፣ ከዚያ አዲስ ኦይል ሲል፤ ምንጊዜም አዲስ። ምንጭ ያለበት የጎማ ከንፈሩ ወደ ኩሽኔታው ይዞር፣ ጠፍጣፋው ወደ ውጭ። ጠፍጣፋ ጣውላ ላዩ ላይ አድርጋችሁ እኩል እስኪሆን ምቱት። ከንፈሩን ግራሶ ቀቡት፣ ደረቅ ከሆነ በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ይቃጠላል። ሞዞውን አክስሉ ላይ ስታስገቡ ቀጥ አድርጉት፤ ከንፈሩ በአክስሉ ጥርስ ከተቀደደ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። የውጩን ኩሽኔታ፣ ሮንዴላውን፣ ዳዶውን አከታትሉ።

ዳዶው

የእኔን ጥፋት የምትሸሹት እዚህ ነው። ሞዞውን በአንድ እጅ እያዞራችሁ ዳዶውን በሌላው አጥብቁ፤ የማጥበቂያ መለኪያ ቁልፍ ያለው እስከ 68 ኒውተን ሜትር ገደማ ይድረስ። ይህ ሮለሮቹ ቦታቸውን እንዲይዙ፣ ትርፍ ግራሶውም እንዲገፋ ነው፤ እዚህ ላይ አይቆምም። አሁን ሞዞውን ሳታዞሩ ዳዶውን ሙሉ በሙሉ አላሉ። ከዚያ መፍቻውን መሬት ላይ አስቀምጡና በጣታችሁ ብቻ እስኪነካ አጥብቁ። የኮፒሊያው ቀዳዳ ከዳዶው ክፍተት ጋር ካልተገናኘ ወደ ማላላት እንጂ ወደ ማጥበቅ አትሂዱ። ሲጨርሱ ሞዞው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ከ0.03 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ቢንቀሳቀስ ትክክል ነው፤ በእጅ የሚሰማ፣ በዓይን የማይታይ። ብረቱ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ያቺ ክፍተት የተተወችው ለዚያ ነው።

አዲስ ኮፒሊያ አስገቡ፣ እግሮቹን አጥፉ፣ ቆቡን መልሱ። ግራሶ በፖምፓ የሚሞላበት ቆብ ካላችሁ ጥቂት ብቻ ስጡት። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን «ይጥገብ» ብሎ ያለልክ የሚገፋ ሰው የኋላውን ሲል ራሱ ገፍቶ ያወጣዋል።

ጎማውን መልሳችሁ ብሎኖቹን በመስቀል እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። እነዚህ እንኳ በደንብ ይጠብቁ።

መሞከር

ወዲያው ፈጣን መንገድ አትግቡ፤ እዚያ እንደልብ መቆም አይቻልም። በአሮጌው መንገድ ቀስ ብላችሁ እስከ ዱከም ሂዱና ወርዳችሁ ሞዞውን በእጃችሁ ጀርባ ንኩት። ለብ ማለቱ ጤና ነው። እጅ የማያስችል ከሆነ ወይም አንዱ ጎን ከሌላው በግልጽ ከሞቀ ቆብ ከፍታችሁ ዳዶውን እንደገና አስተካክሉ። ከ50 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላም የጎማ ብሎኖቹን ደግማችሁ ፈትሹ።

በተረፈ መኪናው ውስጥ አንድ የተሟላ ጥንድ ኩሽኔታ፣ ሲል፣ ሁለት ኮፒሊያና ትንሽ ጣሳ ግራሶ ይኑራችሁ። እኔ አሁን ግራሶ ጠግቦ በፌስታል የታሸገ ሙሉ ሞዞ ይዤ ነው የምሄደው፤ መንገድ ዳር ቀለበት ከመምታት ሞዞውን እንዳለ መለወጥ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም።

ሐይቁ ዳር ስትደርሱ ደግሞ ሞዞው በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ እስኪሆን ተሳቢውን ውሃ አታስገቡት። እኛ ቡና እናፈላለን፤ በሦስተኛው ስኒ አብዛኛውን ጊዜ በርዷል።